የባባ ክሩስኮት

ሱራ፣ ኩዌት፣ ሰኔ 6 ቀን 2012 ዓ.ም.

…ያኔ እጁን ዳሽቦርዱ ላይ አሳርፎ፣ በመዳፉ ሳይሆን በእጁ ጀርባ፣ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ግንባር እንደሚነኩት አድርጎ፣ «ማሻአላህ፣ የሺ» አለኝ፤ ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ። የጨመረው ነገር ጠፍቶብኛል። ጥቅምት ነበር። የመኪናው በር ክፍት ነበር። ጨርቁ እጄ ላይ ነበር። ይህ ሁሉ አለ፤ ቃሉ ብቻ የለም። ሰሞኑን ልብስ ስተኩስም ወለል ስወለውልም እሱን ስፈልግ እውላለሁ።

ጋሼ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም በመጀመሬ ይቅር በለኝ። እንዴት ከረማችሁ? ልጅህ ሳባስ? እኔ ደህና ነኝ። ትኩሳት የለኝም፤ ማዳም በየጠዋቱ መለኪያውን ግንባሬ ላይ ትደቅናለች፣ ቁጥሩን ታያለች፣ ለእኔ አታሳየኝም። ሳባ ይህን ከስልኩ ላይ ወደ ደብተር ስትገለብጥልህ በትልልቁ ትጻፈው። ጆሮህን ለመዶሻ ሰጥተሃል፤ ዓይንህ ይቅርልን።

መኪናው እንዴት ፀሐይ ላይ እንደወጣ ጠይቀኸኛል። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ በቅደም ተከተል ልንገርህ።

ባባን ግንቦት 19 ቀን በአምቡላንስ ወሰዱት። ባባ የምለው ሽማግሌውን ነው፤ የማዳምን አማት፣ የቤቱን ባለቤት፣ የሰባ ስምንት ሞዴሉን ካፕሪስ መኪና ጌታ። ከእግር እስከ ራስ ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች በአልጋ አውጥተው በመኪናው አጠገብ ሲያሳልፉት ጣቱን አነሳ። መጀመሪያ ወደ ካፕሪሱ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ። «ሸምስ» አለ። ፀሐይ ማለት ነው። ሌላ ትንፋሽ አልነበረውም። ልጁ ሐምዛ እዚያው ቆሟል፣ ማዳም በመስኮት ታያለች፤ ቃሉን የሰጠው ግን ለእኔ ነው። ሹፌሩ ያን ጊዜ የለም። ጅሊብ የሚባለው ሰፈር በበሽታው ምክንያት ሲታጠር ከውስጥ ቀርቷል፤ የሚኖረው እዚያ ነው፣ መግባትም መውጣትም ክልክል ነው።

በሦስተኛው ቀን ሐምዛ ካፕሪሱን ከቆርቆሮው ጥላ ስር አስገፍቶ አወጣና የራሱን አዲስ ነጭ መኪና አስገባበት። ባባ ሸምስ ብሎኛል አልኩት። ሳቀ። ብረት ቆዳ የለውም፣ ፀሐይ መኪና የሚያጠፋ ቢሆን ኩዌት ውስጥ መኪና አይኖርም ነበር አለኝ። ታዲያ የራሱን ለምን ጥላ ስር አስገባ? ይህን አልጠየቅሁትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በሆዴ ስጠይቀው እውላለሁ።

አንሶላ አለበስኩት፤ ማዳም አንሶላዋን አወቀችና ገፈፈችው። ከባቃላ፣ ከሰፈሩ ሱቅ፣ የውሃ ካርቶን ለምኜ የፊት መስታወቱን ልክ ቆረጥኩ፣ የምግብ መጠቅለያውን ብርማ ወረቀት ለጠፍኩበት። ሩቅያ የጎረቤት ሠራተኛ ናት፣ የወረባቦ ልጅ፤ ከጣራዋ ላይ ልብስ እያሰጣች አየችኝና «አንቺ የሺ፣ መኪናውን እንደ ዶሮ ልትጠብሺው ነው?» አለችኝ። እየሳቀችም ቢሆን የእሷን ቤት ብርማ ወረቀት ጥቅልል በግንቡ ላይ ወረወረችልኝ።

እኩለ ቀን ላይ መሪውን በጨርቅ ካልሆነ መንካት አይቻልም። ትናንት ከስፒከሩ ቀዳዳ ጥግ የምትነሳ ፀጉር የመሰለች መስመር አየሁ። ፎቶዋን ልኬልሃለሁ። ጥላ ናት ወይስ ስንጥቅ? ጥላ ናት በለኝ።

መስከረም ላይ ኮንትራቴ ሲያልቅ በዚህ መኪና ራሱ እየነዳ አየር ማረፊያ ሊያደርሰኝ ቃል ገብቶልኛል። በስድስት ዓመት ውስጥ በዚህ አገር ቃል የገባልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

እህትህ የሺመቤት

*

ኮምቦልቻ፣ ሰኔ 13 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለየሺ፤

አዎ፣ የግራው ጆሮዬም ሄዷል። ለመደበቅ ብዬ አይደለም፤ ምን ብዬ እንደምጽፈው ጠፍቶኝ ነው። ጋራዡ አሁን ዝም ያለ ቦታ ሆኖልኛል። መዶሻው ሲያርፍ በክንዴ ነው የማውቀው። ደግሞ ሥራም ቀዝቅዟል፣ በበሽታው ምክንያት ሰው መኪናውን አቁሟል። ስለዚህ አትዘኚ።

ጥላ አይደለችም። ስንጥቅ ናት።

እኛን ያስተማሩን ሰዎች ክሩስኮት ይሉት ነበር፣ ልጆቹ አሁን ዳሽቦርድ ይሉታል። ላዩ ቆዳ ይመስላል እንጂ ቆዳ አይደለም። ፕላስቲክ ነው፤ ሲሠራ የሚያለሰልሰው ዘይት አብሮ ይገባበታል። ፀሐይ ያንን ዘይት ከውስጡ ትመጠዋለች። የፊት መስታወቱ ከውስጥ በኩል ጭጋግ የመሰለ ነገር ሲይዝ አይተሽ ይሆናል፤ ክሩስኮቱ የተነፈሰው ነው። ዘይቱ ሲያልቅ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ከቀዳዳው ጥግ ይሰነጠቃል።

ካርቶንሽ ጥሩ ነው። ብርማው ወደ ውጭ ይይ፣ ከመስታወቱ ጋር ይጠጋ፣ በጎንና በጎኑ ክፍተት አይኑር። የጎን መስታወቶቹን አንድ ጣት ያህል ዝቅ አድርጊ፣ ሙቀቱ መውጫ ያግኝ። የሚገፋልሽ ሰው ከተገኘ ጀርባውን ወደ ምዕራብ አዙሪው፤ የከሰዓቷ ፀሐይ ናት የምትከፋው። ከካርቶኑ ስር ነጭ የጥጥ ጨርቅ ክሩስኮቱ ላይ አንጥፊ። አቧራውን ጠዋት ገና ሳይግል በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ሲግል ውሃ እንዳታስነኪው።

አሁን ሁለት ነገር ንገሪኝ። በአውራ ጣትሽ ስትጫኚው ይሰረጉድና ይመለሳል ወይስ አይሰረጉድም? ደግሞ ያንን የነገርኩሽን ቅባት ስንት ጊዜ ቀባሽው? ቁጥሩን ጻፊልኝ። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ፎቶውን ጠጋ ብለሽ በጠዋት ብርሃን ድገሚልኝ።

ወንድምሽ ቢተው

*

ሱራ፣ ሰኔ 21 ቀን 2012 ዓ.ም.

ጋሼ፤

አይሰረጉድም። እንደ ጥፍር ሆኗል።

የቀባሁት ስምንት ጊዜ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየወሩ፣ አንተ እንደነገርከኝ ሦስት ማንኪያ የምግብ ዘይት፣ አንድ ማንኪያ ነጭ ጋዝ። ነጩን ጋዝ ክረምት በረሃ ወጥተው ድንኳን ሲጥሉ ለማሞቂያ ከሚይዙት ጀሪካን ነበር የምቀዳው። ባባ እንዴት እንደሚወደው ነግሬሃለሁ። እንግዳ ሲመጣ በሩን ከፍቶ ያሳይ ነበር፤ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እዩት እንዴት እንደሚያበራ፣ እያለ። ለምን እንደጠየቅኸኝ ግን አልገባኝም። አሁን ስለ ማብራት የምናወራበት ጊዜ አይደለም።

መስመሯ አሁን ከስፒከሩ እስከ መስታወቱ ደርሳለች። ሌሎች ሁለት ወልዳለች።

ሐምዛ ዛሬ አየው። ከፀሐይ መነጽሩ በላይ እያየኝ ጠራኝ።

«በረኪና አስነክተሽዋል» አለ።

«አላስነካሁም።»

«ማዳም አዛሻለች።»

«አዛኛለች። አላደረግሁም።»

«አዛሻለች፣ ስለዚህ አድርገሻል።»

ሰው ባለመታዘዙ ሲወቀስ ሰምቻለሁ። በመታዘዙ፣ ያውም ባልታዘዘው ትእዛዝ የተወቀሰ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ? ባባ እንደተወሰደ ማዳም እሱ የነካውን ሁሉ በበረኪና አስጠርጋኛለች። የበሩን እጀታ፣ ምርኩዙን፣ የሬዲዮውን ቁልፍ፣ የተምሩን ዕቃ። ጣቶቼ እስከ ዛሬ ይላጣሉ። መኪናውንም ጥረጊ አለችኝ። በረኪናውን ይዤ ሄድኩ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ጠረኑ መጣ፤ የእሱ የሽቶና የአሮጌ ስፖንጅ ጠረን። በሩን ዘጋሁ። ጠረግሁት ብዬ ዋሸሁ። የዋሸሁት ያን ብቻ ነው፤ የምከሰሰውም በዚያው ሆነ።

ሐምዛ ፎቶ አንስቶ አርዲያ ሰፈር ላለ የመኪና ወንበር ሰፊ ላከ። ሰውየው ሳያየው፣ ሳይነካው፣ ከሱቁ ሳይወጣ፣ ይህ የፀሐይ ብቻ አይደለም፣ ኬሚካል ነው ብሎ መለሰ። ሐምዛም መልእክቱን እንደ ፍርድ ወረቀት አሳየኝ። ባባ ሲወጣ እነግረዋለሁ፣ ፖሊስ ጣቢያ አስመዘግባለሁ፣ አየር ማረፊያው ሲከፈት የሚሄዱት ይሄዳሉ አንቺ አትሄጂም አለ። ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም። ያናደደኝ እሱ ነው። ሻይ አምጪ እንደሚለኝ አድርጎ ተናገረው።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርግልኝ። አንተ የዚህ ሙያ ሰው ነህ። በጋራዡ ስም ጻፍልኝ፤ በረኪና ሲነካው እንዲህ ይሆናል፣ ፀሐይ ሲመታው እንዲህ ይሆናል፣ ይህ የፀሐይ ነው ብለህ። ማህተም አድርግበት። ክቡን ማህተም። ሩቅያ ቁርኣን ቤት ተምራለች፣ በአረብኛ ትገለብጥልኛለች። ማህተም ያለበትን ወረቀት ባባ ያከብራል።

ሩቅያ ሐምዛ መኪናውን ሲያስገፋ ከጣራ ላይ አይታለች። መስክሪልኝ ስላት ጣራ ላይ ምን ትሠሪ ነበር ይሉኛል አለች። ቀጥላም «መመስከር አይደለም፣ ማየትም ፈቃድ ይፈልጋል እዚህ» አለችኝ። አልተቆጣኋትም። ደግሞ ተቆጥቻታለሁ።

ቶሎ ጻፍ።

የሺ

*

ሱራ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2012 ዓ.ም.

ጋሼ፤

መልስ ካጣሁ ወዲህ ይህ ሦስተኛው ደብዳቤዬ ነው። ስልኩ ላይ ከቀደሙት ከሁለቱም አጠገብ አንድ ምልክት ብቻ ቆሟል፤ መድረሱን የሚያሳየው ሁለተኛው አልመጣም። መጀመሪያ ተቆጣሁህ። አንድ ወረቀት፣ አንድ ማህተም፤ ይህ ለምን ይከብደዋል አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ ሞተዋል አልኩ። ኋላ ሩቅያ ኢንተርኔት በመላ አገራችን እንደተዘጋ ነገረችኝ። አሁን በማን እንደምቆጣ አላውቅም። ቁጣው ግን አለ፣ ቦታ አጥቶ ይዞረኛል።

ባባ ደወለ። ሐምዛ ስልኩን ከፍቶ በመካከላችን ያዘው። ድምፁ በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ስለ ሆስፒታሉ አላወራም፤ መኪናዬስ አለ። ሐምዛ ነገረው። ጥላው ስር ስላስገባው ነጭ መኪና አልነገረውም፤ የሺ በበረኪና አቃጠለችው ብሎ ነገረው። የባባ የትንፋሽ መሣሪያ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ምን አስነካሽው ብሎ ጠየቀኝ።

ውሃ ብቻ አልኩት። ሐምዛ መሐላ ግቢ አለኝ፤ በአምላክሽ ማይ። ማልኩ። በማርያም ማልኩ። ውሃና ጨርቅ ብቻ፣ ማርያምን።

ባባ እሺ አለ። ስልኩ ተዘጋ። እሺ ማለት አመንኩሽ ማለት ነው ወይስ ደከመኝ ማለት? አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?

ካርቶኑን በየቀኑ አድሳለሁ። ጨርቁን አንጥፌያለሁ። ለማን እንደምጠብቀው ግን አንዳንዴ ይጠፋኛል። ለተሰነጠቀ ነገር ጥላ ይዤ መቆሜን ሐምዛ በመስኮት እያየ ይስቃል።

ሳባ፣ የኔ ቆንጆ፤ ከዚህ በታች ያለውን ለአባትሽ አትገልብጪለት።

ውሃ ብቻ ያልኩት ለምን ይመስልሻል? ቅባቱን ረስቼው አይደለም። ባባ ራሱ ያውቃል፣ ሲያበራ አይቷል፣ ምን እንደሆነ ባያውቅም። ሐምዛ እዚያ ቆሞ ነጭ ጋዝ ብል፣ ጋዝ የሚለውን ብቻ ነው የሚሰማው ብዬ ፈራሁ። ቅባቱ የጋሼ ነው፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ስንጥቁን አላመጣውም። ታዲያ ካላመጣው በእሱ ላይ መማል ለምን አቃጠለኝ? ከማልኩ ጀምሮ በሥዕሏ ፊት ስቆም ወደ ጎን ነው የማየው።

*

ኮምቦልቻ፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.

(አክስቴ፣ ይህ የተጻፈው በዚያው ቀን ነው። ኢንተርኔት የተለቀቀው ትናንት ስለሆነ ዛሬ ሐምሌ 17 ላክሁት። ያንቺም ሁሉ አንድ ላይ ገቡ። ሳባ)

የሺዬ፤

ኢንተርኔቱ ዛሬ ጠዋት ጠፍቷል። ሲመለስ ይደርስሻል። እስከዚያ ከማንም ጋር ብዙ አትናገሪ።

አዲሱን ፎቶ አየሁት። የበረኪና አይደለም። በረኪና ነጭ ያደርጋል፣ ቀለሙን ይበላል፤ ይህ ቀለሙን አልለቀቀም። ፀሐይ አለበት። ግን የፀሐይ ስንጥቅ በመስታወቱ በኩል ይጠነክራል፣ ወደ ሹፌሩ ሲመጣ ይላላል። ያንቺ እኩል ነው። ጥላ የሚያርፍበት፣ መሪው ስር ያለው ሳይቀር ደርቋል። ጨርቅ የደረሰበት ሁሉ ደርቋል።

ነጩ ጋዝ ነው። የአርዲያው ሰውዬ አልተሳሳተም።

እኛ ጋራዥ ሰላሳ ዓመት በዚህ ስናበራ ኖረናል። ኮምቦልቻ ፀሐይዋ ለስላሳ ናት፤ ምንም አያሳይም። ከአምስት ዓመት በፊት የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች መምጣት ጀመሩ። በሎጊያና በሚሌ በኩል የሚመላለሱት። ያበራሁላቸው ክሩስኮት ሁሉ ተሰንጥቆ ተመለሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ስምንት። ነጩ ጋዝ ያን የሚያለሰልሰውን ዘይት ያጥበዋል፤ የምግብ ዘይቱ ከላይ ያበራል እንጂ አይተካውም። ሙቀት ሲያገኘው እንደ ደረቀ ኩሬ ጭቃ ይሆናል። ለሹፌሮቹ የመንገዱ ፀሐይ ነው አልኳቸው። እኔ ግን ያን ጊዜ አቆምኩት።

ላንቺ የነገርኩሽ ከዚያ በፊት ነበር፣ ልትሄጂ ስትሰናጂ፣ እንዲያው በጨዋታ። ባለፈው ጥቅምት ባባ ማሻአላህ አለኝ ብለሽ ስትጽፊ ክው አልኩ። ወዲያው አቁሚ ልልሽ ወረቀት አነሳሁ። ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። በስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ደስ ብሎሽ ጽፈሽ አታውቂም። ጥላ ስር ነው የሚቆመው ብለሽ ነበር። ጥላ ስር ከሆነ ምንም አይለው አልኩ። ወረቀቱን ለሌላ ነገር አዋልኩት።

ስለጠየቅሽኝ ማህተም ልንገርሽ። ዛሬ ይህን ጽፌ ነገ ሌላ ጽፌ ማህተም ላደርግበት አልችልም።

ቢተው

*

ሱራ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለአቶ ቢተው፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል። ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

ማልኩ። እርስዎ ወረቀቱን ለሌላ ነገር ባዋሉበት ምክንያት እኔ በማርያም ማልኩ።

ለምን ነገሩኝ? ጥቅምት ላይ ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር፤ ጥቅምት ላይ ካልነገሩኝ ለዘላለሙ ባይነግሩኝ ጥሩ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ የማስበው ይህን ነው። እስከ ሐምሌ 17 ድረስ እኔ የተበደልኩ ሰው ነበርኩ። በዚያ ቁጣ ቆሜ ነበር፣ በሃምሳ ዲግሪ ፀሐይ ካርቶን ይዤ። በደሉ አሁንም አለ። መኪናውን ያወጣው ሐምዛ ነው፣ የዋሸው እሱ ነው፣ የሚያስፈራራኝ እሱ ነው። ግን አሁን ስቆጣ እግሬ ስር የሚንሸራተት ነገር አለ። ቁጣዬን እንኳ ንጹሕ አድርገው አልተዉልኝም።

ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው ይላሉ። እዚህ ያሉትም እንዲሁ ነው የሚሉት። ላንቺ ብለን ነው ስልክሽን ያስቀመጥነው፣ ላንቺ ብለን ነው ከግቢ የማናስወጣሽ። ለእኔ ተብሎ የሚደረገው ሁሉ እኔ ሳላውቅ ነው የሚደረገው።

አሁንም ማህተም ያለበት ወረቀት እፈልጋለሁ። ፀሐይ ነው ብለው ይጻፉ። ውሸት አይሆንም፤ ፀሐይም አለበት ብለዋል። ለሹፌሮቹ ያሉትን ለእኔም ይበሉልኝ። ለእነሱ አልከበደዎትም።

የሺመቤት

*

ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2012 ዓ.ም.

የሺዬ፤

አንቱ አልሽኝ። ጡት ከጣልሽ ጀምሮ ጀርባዬ ላይ አድገሽ፣ አንቱ። ሳባ ስትገለብጥ የተሳሳተች መስሎኝ ከስልኩ ጋር አስተያየሁት። አልተሳሳተችም።

የሐምሌ 4ቱን የታችኛውንም ገልብጣ ሰጥታኛለች። አትቆጫት። ለሁለት ቀን ደብቃኝ ነበር፣ ፊቷን አይቼ ነው ያወቅሁት። መስማት የቀረ ሰው ፊት ያነባል።

ወረቀቱን ጽፌያለሁ። ማህተም አለበት። ከዚህ ጋር ፎቶው አለ፣ ቃሉም ይኸው፤

«ለካፕሪሱ ባለቤት። እኔ ቢተው፣ በኮምቦልቻ ከተማ የመኪና ወንበርና ክሩስኮት ሠሪ ነኝ። የመኪናዎ ክሩስኮት በበረኪና አልተበላሸም። በሁለት ነገር ተበላሽቷል። አንደኛ፣ ከጥላ ወጥቶ በበጋ ፀሐይ ስለቆመ ነው። ሁለተኛ፣ እኔ ለእህቴ ያስተማርኳት ነጭ ጋዝ ያለበት ቅባት ስላደረቀው ነው። እሷ አላወቀችም። እኔ አውቄ አልነገርኳትም። ያለ እሱ ፀሐይዋ በአንድ ወር ይህን አታደርግም ነበር፤ ያለ ፀሐይዋም እሱ ብቻውን ይህን አያደርግም ነበር።»

አንድ የፀሐይ ወረቀት ብቻ ጽፌ አንቺን ላስደስትሽ ተቀምጬ ነበር። ማህተሙን አነሳሁ። ከዚያ ጥቅምት ላይ ያነሳሁት ወረቀት ትዝ አለኝ። ድጋሚ ላንቺ ብዬ ላታልልሽ ነው አልኩ።

የምትሰጪው አንቺ ነሽ። የላይኛውን ግማሽ ቆርጠሽ ብትሰጪ፣ ፎቶ ነው፣ ይቆረጣል። አልጠይቅሽም። ፍልሰታ ገብቷል፤ በጾሙ ስለ መሐላው እንደምታስቢ አውቃለሁ። መሐላው በእኔ ይሁን። እንዲህ ያለ ነገር ይቻል እንደሆነ አላውቅም፤ ቄስ አልጠየቅሁም።

ካርቶኑን አትተይ። የቀረው እንዳይብስ።

ቢተው

*

ሱራ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2012 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ጾሙን እንዴት ፈታችሁ? እኔ ብቻዬን ፈታሁ፣ በአንድ እንቁላል።

አዎ፣ ወረቀትህን ሩቅያ በአረብኛ ገልብጣልኛለች። ሁለት ገጽ ወጣው። መሀል ላይ ስትደርስ ብዕሯን አቁማ አየችኝ። «ይህንንም ልጻፈው?» አለች። ጻፊው አልኳት። «ወንድምሽ ጤና የለውም» አለችና ጻፈችው። ማህተሙን በብዕር እንደነበረ አድርጋ ክብ ሠርታ ሣለችው፣ ውስጡ ያለውን አማርኛ ፊደል ሳይቀር። ሌላ ወረቀት ላይ የፀሐይዋን ብቻ ለይታ ጻፈችልኝ፤ ሳልጠይቃት። ሁለቱንም አጥፌ በሁለት ኪሴ ያዝኩ። የግራው ሙሉው ነው፣ የቀኙ ግማሹ። አራት ቀን እንዲህ ዞርኩ። ልብስ ስቀይር ከኪስ ወደ ኪስ አዛውራለሁ።

ባባ ዛሬ መጣ። በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ግማሹ የለም፤ ልብሱ እንጂ እሱ አልገባም ትላለህ። ፊቱ ላይ ጭምብል አለ። ማዳም ወደ ቤት ስትገፋው እጁን ጎማው ላይ አደረገና አስቆማት። ወደ መኪናው አለ። ሐምዛ ሐኪሙ ዕረፍት ብሏል አለው። ባባ አልመለሰለትም፤ ወደ እኔ ነው ያየው።

እኔ ገፋሁት። አሥር ሰዓት ገደማ ነበር፣ ፀሐይዋ ገና ግንቡ ላይ አለች። ካርቶኑን አነሳሁ፣ ጨርቁን ገፈፍኩ። በሩን ከፍቼ በብብቱ ደግፌ መሪው ፊት አስቀመጥኩት። ጋሼ፣ ልጅ ያህል ነው የሚከብደው።

እጁን ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፈ። በእጁ ጀርባ። ስንጥቁን ከስፒከሩ እስከ መስታወቱ ተከተለው፤ ጣቱ ሲያልፍ ይንኳኳ ነበር፣ እንደ ሸክላ። አልተቆጣም። ያን ጊዜ፣ እንዲያ እጁን ሳይ፣ ጥቅምት ላይ የጨመረው ነገር መጣልኝ። «ሽኑ ሃዳ?» ነበር ያለኝ። ይህ ምንድን ነው፣ ምን ቀባሽው ማለቱ ነው። ጠይቆኝ ነበር፣ ጋሼ። ያኔ በደህናው ቀን ጠይቆኝ ነበር። እኔ ስቄ ምስጢር ነው አልኩት፤ በእነሱ ቋንቋም ሲር ነው የሚሉት፣ ቀረብ ይላል፣ ገባው፣ እሱም ሳቀ። ስምንት ወር ሙሉ ምስጢር እያለ ይጠራኝ ነበር፤ እንዴት ረሳሁት?

ቀና ብሎ ጭምብሉን ወደ አገጩ ሳበ።

«ሸምስ?» አለኝ።

አንድ ቃል። ሲሄድ የሰጠኝ ያው ቃል፤ አሁን ጥያቄ ሆኖ ተመለሰ። አዎ ብል ያልቅ ነበር። ራሴን ብነቀንቅ ያልቅ ነበር። ሐምዛ ከቤቱ በር ወጥቶ ግቢውን እያቋረጠ ይመጣል፤ ምን አለሽ፣ ምን አለሽ እያለ፣ ጫማው ጠጠሩ ላይ ይሰማኛል። ነጩ መኪናው ጥላው ስር ቆሟል።

እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። የግራው ኪሴ ውስጥ።

ባባ አላስቸኮለኝም። በአገጩ ወደ ጎኑ ወንበር አመለከተኝ። በስድስት ዓመት ያንን ወንበር ጠርጌዋለሁ እንጂ ተቀምጬበት አላውቅም። በፊት ለፊት ዞሬ ሄድኩ። ገባሁ። ወንበሩ ይፋጃል። ሐምዛ እጁን ወደ እጀታው ሲዘረጋ አየሁት።

በሩን ሳብኩት። ተዘጋ።